ሜዳ ላይ ለቆምንበት ሁለት ሰዓት ከአሥር ደቂቃ የቀረበ ምስጋና

ለተከበሩ የ«ሰሜን ደቡብ» የረጅም ርቀት ባቡር ድርጅት
የመንገደኞች እርካታ ክፍል ዋና ኃላፊ
ባሉበት

የተከበሩ ሆይ፤

ይህ ደብዳቤ በሙሉ ጤንነት፣ በተስተካከለ የደም ግፊት፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ሊደርሱበት ካሰቡበት ቦታ ደርሰው እንዲያገኝዎ ከልብ እመኛለሁ። ስሜ ቪብከ ሎረንሰን ይባላል። የሰባ አንድ ዓመት ጡረተኛ ስሆን በፍሌንስቡርግ ከተማ ሠላሳ አራት ዓመት በአዋላጅነት አገልግያለሁ። በመሆኑም መጠበቅ ለእኔ እንግዳ ነገር አይደለም፤ ልዩነቱ እኔ ስጠብቃቸው የኖርኩት ሁሉ መጨረሻ ላይ ይመጡ ነበር።

ባለፈው ወር በየጣቢያው ባስለጠፉት ማስታወቂያ፣ መንገደኞች ጉዞን የሚያሻሽል ተግባራዊ ሐሳብ እንዲልኩልዎ በትሕትና ጠይቀዋል። ድርጅትዎን መምከር ከአቅሜ በላይ ስለሆነ፣ ምክሬን በቀጥታ ለመንገደኞች አዘጋጅቼ በእርስዎ በኩል ለማስተላለፍ ደፍሬአለሁ። ምክሮቹ ሁሉ ባለፈው ሰኔ ከወንድሜ ጋር ካደረግሁት አንድ ጉዞ የተገኙ ናቸው። ከአንድ ጉዞ ይህን ያህል ትምህርት የሚሰጥ ሌላ ተቋም በአገራችን መኖሩን እጠራጠራለሁ።

ጉዳዩ እንዲህ ነው። ታናሽ እህታችን ጌዚነ በአገራችን ደቡብ ጫፍ፣ በኮንስታንስ ከተማ ትኖራለች። የልቧ ቫልቭ በመጎዳቱ ሐሙስ ጠዋት ቀዶ ሕክምና እንደሚደረግላት ደውላ ነገረችኝ። ታላቅ ወንድማችን ኤቫልት የሰባ አራት ዓመት ሰው ነው፤ ወደብ ላይ ክሬን ሲያንቀሳቅስ ኖሮ ጡረታ የወጣ፣ ቃል የማያባክን ሰው። እሱና ጌዚነ ዘጠኝ ዓመት ተኮራርፈዋል። አባታችን በሞተ በሳምንቱ ጌዚነ የአባታችንን ጀልባ ማንንም ሳትጠይቅ ሸጠችው፤ ኤቫልት ደግሞ በዚያ ጀልባ ላይ ነው ያደገው። ከዚያ በኋላ ስሟን አንሥቶ አያውቅም።

ስለ ቀዶ ሕክምናው ስነግረው አጥር እየቀባ ነበር። ብሩሹን ሳያስቀምጥ፣ «ረቡዕ ብንነሣ ስንት ሰዓት እንደርሳለን?» አለኝ።

«አሥራ አንድ ሰዓት ከሃያ።»

«የታማሚ መጠየቂያውስ?»

«እስከ አሥራ ሁለት ተኩል።»

«ይበቃል። የምፈልገው አሥር ደቂቃ ነው» አለና ወደ አጥሩ ተመለሰ።

እንግዲህ ወደ ምክሮቹ ልለፍ።

አንደኛ፤ መንገደኛ ሆይ፣ ባቡሩ ፊትህ ቆሞ በእጅህ እስክትነካው ድረስ አለ ብለህ አትመን። ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ከአሥራ ሁለት ከፍሌንስቡርግ ተነሥተን ሐምቡርግ በሰላም ደረስን፤ ያ ባቡር የእርስዎ አልነበረም። ሦስት ሰዓት ከሃያ አራት ላይ የሚነሣው የእርስዎ ባቡር ግን ቦርዱ ላይ ዓይናችን እያየ ጠፋ። ኤቫልት መረጃ ክፍል ሄዶ ምን ያህል እንደሚዘገይ ጠየቀ።

«አልዘገየም ጌታዬ፤ ተሰርዟል» አለው መስኮቱ ጋ ያለው ሠራተኛ።

«ልዩነቱ ምንድን ነው?»

«የተሰረዘ ባቡር አይዘገይም።»

ኤቫልት ይህን ለመረዳት እስከ ሃኖቨር ድረስ ሞከረ። እኔ ግን ወዲያው ገባኝ፤ ድርጅትዎ ባቡሮቹን በሙሉ ቢሰርዝ በሰዓት አክባሪነት ከዓለም አንደኛ ይሆናል ማለት ነው። ወደዚሁ ግብ በትጋት እየገሰገሱ ስለሆነ እንኳን ደስ አለዎ።

ሁለተኛ፤ መቀመጫህን አስቀድመህ አስይዝ፤ ለመቀመጥ ሳይሆን ለመጽናናት። ከአንድ ሰዓት በኋላ በመጣው ባቡር ፉርጎ ቁጥር አሥራ አራት ውስጥ ሁለት መቀመጫ ተሰጠን። አሥራ ሦስትን አገኘነው፤ ቀጥሎ ያለው አሥራ አምስት ነበር። ወደ ኋላ ተመልሰን እንደገና ቆጠርን። አሥራ አራት በዚያ ቀን ከቤቱ አልወጣም። ሽንት ቤቱ አጠገብ ሻንጣችን ላይ ተቀምጠን ሳለ ወይዘሮ ኦትሊንደ የሚባሉ ሴት አዩንና ዕቃቸውን ሰብስበው ለኤቫልት አጠገባቸው ቦታ ለቀቁለት፤ ለእኔ ደግሞ ከቦርሳቸው ታጣፊ በርጩማ አወጡልኝ። የልጅ ልጆቻቸውን ለማየት በየአሥራ አምስት ቀኑ በእርስዎ ባቡር የሚመላለሱ ሴት ናቸው።

«መቀመጫ ከሌለ በርጩማ አለ» አሉኝ እንቁላል እየላጡ። «ምሳ ከሌለ እንቁላል አለ። ሙቀቱ ከጠፋ የሱፍ ካልሲ አለ። ባቡር ከሌለ የሚሆን ነገር ግን እስካሁን ቦርሳዬ ውስጥ ማስገባት አልቻልኩም።»

ቢሮዎ ውስጥ ክፍት የሥራ ቦታ ካለ እኚህን ሴት በአክብሮት እጠቁማለሁ።

ሦስተኛ፤ ስንቅ ያዝ። ባቡሩ ውስጥ ምግብ ቤት አለ፤ ምግብ ቤቱ ውስጥ ሰናፍጭ አለ። አስተናጋጇ በጣም ጨዋ ስለነበረች ሰናፍጩን ከምን ጋር እንደምንበላው መጠየቅ አሳፈረን። እኔ ከቤት የያዝኩት የጉበት ቋሊማ የተቀባ ጥቁር ዳቦ ስለነበረ ሰናፍጩን በምስጋና ተቀበልን።

አራተኛ፤ ባቡሩ ሲቆም ምክንያቱን አትጠይቅ፤ ሊነግሩህ ይችላሉ።

ከቀኑ ስምንት ሰዓት ገደማ ኦበርሊንደንባኽ ከምትባል መንደር አለፍ ብሎ ባቡራችን ሜዳ ላይ ቆመ። በስተግራ የበቆሎ ማሳ፣ በስተቀኝ ላሞች። ሩብ ሰዓት ሆነን። ግማሽ ሰዓት ሆነን። ኤቫልት ሰዓቱን እያየ በጣቱ ጉልበቱን ይመታ ጀመር። የትኬት ተቆጣጣሪዋ ወይዘሮ ኑርጃን ስታልፍ ክንዷን ይዞ አስቆማት።

«ልጄ፣ እህቴ ነገ ቀዶ ሕክምና አለባት። ለምን እንደቆምን ብቻ ንገሪኝ።»

ኑርጃን ኮፍያዋን አወለቀች። ዓይኗ ደክሟል። «እውነቱን ልንገርዎት ወይስ በድምፅ ማጉያ የምንናገረውን?»

«እውነቱን።»

«ፊታችን ሐዲዱን ዘግቶ የቆመ ባቡር አለ። ነጂው የሥራ ሰዓቱ ስላለቀ መንዳት አቁሟል፤ የሚተካውን ሰው ይጠብቃሉ።»

«ተተኪው የት ነው ያለው?»

ኑርጃን በእጇ ወደ ፊት ጠቆመች። «እኛ ባቡር ውስጥ። ፉርጎ ሦስት።»

ወይዘሮ ኦትሊንደ ከቦርሳቸው ሹራብ አውጥተው መሥራት ጀመሩ።

«በእግሩ አይሄድም?» አለ ኤቫልት።

«አራት መቶ ሜትር ነው። ግን ከጣቢያ ውጭ በር መክፈት ክልክል ነው፤ ፈቃድ ያስፈልጋል። ፈቃዱን የሚሰጠው ሰው ምሳ ላይ ነው። በየአምስት ደቂቃው እየደወልኩ ነው» አለችና ወደሚቀጥለው ፉርጎ፣ ወደሚቀጥሉት ቁጡ ሰዎች ሄደች። እዚህ ላይ ስላቄን ለአፍታ ላቁም፤ ከእርስዎ ሠራተኞች ሁሉ ያቺ ሴት በዚያ ቀን የሦስት ሰው ስድብ ተቀብላ የአሥር ሰው ሥራ ሠርታለች፤ ሁለቱም በደመወዟ ውስጥ ያሉ አይመስለኝም።

አምስተኛ፤ ስልክህን ሙሉ በሙሉ ሞልተህ ውጣ። ኤቫልት ስልክ አይዝም። ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን እንደማንደርስ ገባው። በርጩማዬን አስጠግቼ ሳየው ፊቱ እንደ አመድ ሆኖ ነበር። «ደውይላትና ስልኩን ስጪኝ» አለኝ። ደውዬ ሰጠሁት። ጆሮው በደንብ ስለማይሰማ ድምፁን እስከ መጨረሻው ከፍ አድርጌው ነበር፤ ስለዚህ የሚቀጥለውን የሰማሁት እኔ ብቻ ሳልሆን ፉርጎው በሙሉ ነው።

«ጌዚነ፣ ኤቫልት ነኝ። አልደርስም።»

ከማዶ የጌዚነ ድምፅ መጣ። «የት ነህ?»

«ሜዳ ላይ።»

«ሜዳ ላይ ምን ትሠራለህ?»

«ላም እቆጥራለሁ። አሥራ አንድ ናቸው።»

ስለ ተተኪው ነጂ ነገራት። ጌዚነ መጀመሪያ አላመነችም፤ ደግሞ አስረዳት። ያኔ ሳቀች፤ እስኪያስላት ሳቀች። «እና ሰውየውን ለምን በመስኮት አትገፈትሩትም?» አለችው። ከዚያ ሃያ ደቂቃ ያህል ሁለቱ እየተቀባበሉ ድርጅትዎን ሰደቡ። ቃላቱን እዚህ መጻፍ ለክብርዎ አይመጥንም። እነዚህ ሁለት ሰዎች ከልጅነታቸው ጀምሮ በአንድ ጉዳይ እንዲህ ተስማምተው አያውቁም።

ስድቡ አለቀባቸው። ቀጥሎ ኤቫልት ወደ መስኮቱ ዞሮ፣ ዝግ ባለ ድምፅ «ጀልባውን ለምን ሸጥሽው?» አላት።

ወይዘሮ ኦትሊንደ ሹራባቸውን አቆሙ።

«አባባ ነው ሽጪው ያለኝ» አለች ጌዚነ። «ከሥር በስብሶ ነበር። ‹ኤቫልት ካየው ይጠግነዋል፣ ጠግኖ ባሕር ይወጣበታል› አለኝ። እንዳልነግርህ አስማለኝ።»

«ዘጠኝ ዓመት ሙሉ?»

«አንተስ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ መቼ ጠየቅኸኝ?»

ኤቫልት ስልኩን ወደ ሌላው ጆሮው አዛወረ። «እጠግነው ነበር» አለ።

«አውቃለሁ» አለችው። «ከዚያም ትሰምጥ ነበር።»

ከዚያ በኋላ ስለ አባታችን፣ ስለ ሞተችው የኤቫልት ሚስት፣ ጌዚነ ብቻዋን ስለተቀበለቻቸው የገና በዓላት፣ ጌዚነን ስለሚያስፈራት ስለ ነገው ቀን ማውራት ጀመሩ። ፉርጎው ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ ወደ ውጭ ያይ ነበር፤ አሥራ አንዱ ላሞች እንዲህ በአክብሮት ታይተው አያውቁም። በመካከሉ ፈቃዱ መጣና ተተኪው ነጂ ቦርሳውን አንጠልጥሎ በሐዲዱ ዳር ሲሄድ አየነው። ኑርጃን እየሮጠች መጥታ በደስታ «ልንንቀሳቀስ ነው» ብላ አበሰረችን።

ኤቫልት ስልኩን በመዳፉ ሸፈነው። «ልጄ፣ ትንሽ አቆዪልኝ» አላት። «ፊት ለፊት ዋሻ አለ፤ ይቋረጥብኛል።»

በድርጅትዎ ታሪክ ባቡር እንዲዘገይለት የለመነ የመጀመሪያው መንገደኛ ወንድሜ ሳይሆን እንደማይቀር እገምታለሁ። ልመናው ተቀባይነት አላገኘም። ለማዘግየትም ለካ የራሳችሁ ሥርዓት አላችሁ።

ስድስተኛ፤ ረቡዕ መድረስ ካለብህ ማክሰኞ ተነሣ።

እኛ ኮንስታንስ የደረስነው ከምሽቱ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ነው። የሆስፒታሉ ዘበኛ በሩ አሥራ ሁለት ተኩል ላይ እንደተዘጋ በትሕትና ነገረን። ማደሪያችን ገብተን ኤቫልት ጫማውን ሳያወልቅ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀመጠ። «ያ የስልክ ወሬ የመጨረሻችን ቢሆንስ?» አለኝ። ጫማውን አወለቅሁለት። የተከበሩ ሆይ፣ ይህችን ጥያቄ ለእርስዎም አስተላልፌያለሁ፤ በሚቀጥለው ስብሰባዎ «ልዩ ልዩ» በሚለው አጀንዳ ሥር ሊመለከቷት ይችላሉ።

በማግስቱ ማለዳ አንዲት ነርስ አምስት ደቂቃ ፈቀደችልን። ኤቫልት ጎንበስ ብሎ የጌዚነን ግንባር ሳመ፤ አልጋዋን እየገፉ እስኪወስዷት ድረስ እጇን አልለቀቀም። ኮሪደሩ ላይ ስንጠብቅ፣ ያ አሥር ደቂቃ ለምን ኖሯል አልኩት።

«‹ይቅር ብዬሻለሁ› ልላት ነበር» አለኝ መሬት መሬቱን እያየ። «ይህችን ብዬ በዚያው ልመለስ። እንኳን በሰዓቱ አልደረስኩ።»

ቀዶ ሕክምናው አራት ሰዓት ፈጀ። እህቴ ድናለች።

ስለዚህ የምስጋናዬ ምክንያት ይህ ነው። ባቡርዎ በሰዓቱ ቢደርስ ኖሮ፣ ወንድሜ እህቴን ያላጠፋችውን ጥፋት ይቅር ብሏት ይመለስ ነበር። ቄሳችን ዘጠኝ ዓመት የደከመበትን እርቅ እርስዎ ምንም ሳይሠሩ፣ በትክክል ምንም ሳይሠሩ፣ በሁለት ሰዓት ከአሥር ደቂቃ ፈጽመውታል። ይሁን እንጂ ከእኛ ጋር የቆሙት የቀሩት አራት መቶ ያህል መንገደኞች ከማንም ጋር የተጣሉ አይመስለኝም፤ ከእርስዎ ጋር ካልሆነ በቀር።

ሥልጣንዎ እንዲሰፋ፣ ወንበርዎ እንዲመችዎ፣ ምሳዎም በማንም ስልክ እንዳይቋረጥ እየተመኘሁ፣ ከላቀ አክብሮት ጋር እሰናበታለሁ።

የዘወትር ጠባቂዎ፣
ቪብከ ሎረንሰን
ፍሌንስቡርግ

ድኅረ ጽሑፍ፤ ይህን ደብዳቤ ልልክ ፖስታውን ሳሽግ፣ ስለ ጉዞው ቀደም ብዬ ላቀረብኩት አቤቱታ ከቢሮዎ መልስ ደረሰኝ። በመዝገባችሁ መሠረት ያ ባቡር በዕለቱ እንዳልተንቀሳቀሰ ያስረዳል። ከድርጅትዎ ጋር በአንድ ነገር ሙሉ በሙሉ ስስማማ ይህ የመጀመሪያዬ ነው።