ትራኩ የዘለለው ጠበል

የካ. 3፣ ሰኞ፣ ጠዋት

ባትሪ ድንጋይ ቀየርሁ። ሜዳ ላይ ቆሜ ሳተላይት እስኪይዝ እጠብቃለሁ። ሰማዩ ጥርት ብሎ እያለ ጂፒኤሱ ዛሬ ሰንፏል። ቁርስ በልቻለሁ፤ ድንች በሚጥሚጣ።

ወርኃዊ ዙር ነው፣ ደብተሬ። የቀበሌውን ምንጮች እየዞርሁ በእያንዳንዱ ላይ ነጥብ መያዝ። ለሚፈሰው ሰማያዊ ባንዲራ፣ ለደካማው አረንጓዴ፣ ለደረቀው ቀይ። የሄድሁበትን መንገድ መሣሪያው ራሱ ይመዘግባል፤ ትራክ ይሉታል። ከዚያ ዳንግላ፣ ለውኃ ፕሮጀክቱ ቢሮ።

ከሰዓት፦ ከዘንገና ሐይቅ ወዲህ ያሉት የላይኞቹ ምንጮች በሙሉ ቀይ። ጥዱ ሥር ያለው አረንጓዴ። ሴቶቹ በጣሳ እየጨለፉ ነው። ባለፈው ወር በባልዲ ነበር። ባሕር ዛፉ ጠጣው ይላሉ። ኃጢአታችን ነው ይላሉ። እኔ ቁልፍ እጫናለሁ።

የኪዳነ ምሕረት ጠበል አጥር ስደርስ ጂፒኤሱን እንደ ወትሮው አጠፋሁት። ጠበል ከምንጭ አይቆጠርም። እህል የቀመሰ ሰውም አይገባም። በሩን ተሳልሜ በዳገቱ ዞርሁ። ከማዶ መልሼ አበራሁት።

የካ. 5፣ ረቡዕ፣ ዳንግላ

ሚኒባሱ ኬላ ላይ ብዙ ቆመ። ዳንግላ ስደርስ ስመኝ ብቻዋን ናት። የቢሮው ካርታ ሠሪ። ብዙ የተማረች ልጅ፣ ግን ሽማግሌ አትንቅም። ሽቦውን ሰካች። ከሰማይ በተነሣው ፎቶ ላይ የእግሬ መንገድ እንደ ቀይ ክር ተዘረጋ። ሁልጊዜ ይደንቀኛል፤ በዚያ ሁሉ አገር ላይ ያን ያህል ቀጭን ነኝ።

ክሩ አንድ ቦታ ላይ አይጠማዘዝም። ገደሉን በቀጥታ ይዘላል።

«ጋሼ አለሙ፣ እዚህ ጋ ክንፍ አወጡ እንዴ?» አለችኝ።

ጠበል ነው፣ አጥፍቼ ነው የምዞረው አልኋት። ሳቀች። ከዚያ የቀደሙትን ወራት ከፈተች። ሁሉም እዚያው ቦታ ላይ ይዘላሉ። ሳቋ ቆመ።

ነገሩ እንዲህ ነው። መንገድ ሠሪዎቹ ለመንገዱ የሚነጠፍ ገረጋንቲ የሚቆፍሩበት ዳገት ይፈልጋሉ። ውኃ ያለበትን እንዳይነኩ ካርታ ጠየቁ። ተሰጣቸው። ባዶ ሆኖ ያገኙትን መረጡ፤ የጠበሉን ዳገት። ባዶ ያደረግሁት እኔ ነኝ።

ወሩ ሳያልቅ ነጥብ ይዤ ከመጣሁ ይስተካከላል አለች። ቃል አይበቃም። ነጥብና ትራክ፣ ከነባንዲራው። ሰማያዊ ወይም አረንጓዴ ከሆነ ቁፋሮው ወደ ሌላ ዳገት ይሄዳል። ቀይ ከሆነ ምንም አይከለክላቸውም።

ስመለስ መቀመጫ አግኝቼም ቆሜ የመጣሁ ያህል ደከመኝ።

የካ. 8፣ ቅዳሜ

ለእማሆይ ወለተ ሐና ነገርኋቸው። ጠበሉን የሚጠብቁት እሳቸው ናቸው፤ ከምንጩ አጠገብ ጎጆ አላቸው። እሳቸው ከአጥሩ ውስጥ፣ እኔ ከውጭ ሆነን። መጀመሪያ በአገውኛ ገሠጹኝ። ሲበርድላቸው ወደ አማርኛ ተመለሱ።

«እንግዲህ ይህን ሁሉ ዘመን እዚህ ተቀምጠን ለሰማይ አልታየንም ማለት ነው?»

ሳቅሁ። እሳቸው አልሳቁም።

«ሰማዩስ ሩቅ ነው። አንተ ጎረቤት ነህ። ስለምን አልወረድህም?»

መሣሪያውን ይዤ ለመግባት ፈቃድ ፍለጋ ወደ ደብሩ አለቃ ሄድሁ። ፈቀዱ፦ በባዶ እግር፣ እህል ሳይቀምሱ፣ ዕቃውን በነጠላ ጠቅልሎ።

የካ. 10፣ ሰኞ፣ ጠዋት

ልወርድ ተነሣሁ። ቆሎ አፌ ውስጥ አገኘሁት። ረስቼ ነው አልሁ።

ደብተሬ፣ አንተን ዋሽቼ ምን ልጠቀም። በሌላው ቀን ቁርስ ሳልበላ ከቤት የምወጣ ሰው ነኝ። የዙሩ ዕለት ብቻ አይረሳኝም። በልቼ እወጣለሁ፤ ስለበላሁ አልገባም፤ ስላልገባሁ ሰው አክባሪ ይለኛል።

እናኑን በቃሬዛ ተሸክመን ያወረድናት እዚያ ነው። ባለቤቴን። ጠጣች፣ ተጠመቀች። ቀለለኝ አለች። ተነሥታ ነጠላዋን ራሷ አጣፋች። ከብት ሲገባ አረፈች።

ከእግዚአብሔር አልተጣላሁም። አስቀድሳለሁ፣ እጾማለሁ። ብቻ ያን በር አላልፍም። ይኼ ምን እንደሚባል አላውቅም። አክብሮት ብዬው ነበር።

የካ. 13፣ ሐሙስ

መሣሪያው ሜሞሪ ሞላ ይላል። የድሮ ትራኮች ካልጠፉ አዲስ አይቀበልም። ስመኝ ባሳየችኝ መሠረት አንድ በአንድ እከፍታለሁ፣ አያለሁ፣ አጠፋለሁ። ትንሿ መስተዋት ላይ ሁሉም ይመሳሰላሉ። ከቤት ተነሥቶ ቤት የሚገባ ክብ።

አንዱ ብቻ ክብ አይደለም። መሃል ሜዳ ላይ ይቆማል። ያን ዕለት ነው የእናኑ ወንድም እየሮጠ መጥቶ ባሰባት ያለኝ። መሣሪያውን እዚያው አጥፍቼ ተከተልሁት።

ጣቴ ብዙ ቆየ። አጠፋሁት። ምንም አልሆነም። ቀጥሎ ያለውን ላጥፋው ወይ ብሎ ጠየቀኝ።

የካ. 16፣ እሑድ፣ ኪዳነ ምሕረት

ታቦት ወጣ። ፈረሰኞቹ አቧራውን አስነሡት። ጠበሉ በር ላይ ሰልፉ ረጅም ነው፤ እማሆይ በሃይላንድ ክዳን እየለኩ ያጠጣሉ። ድሮ በቅል ነበር። አንዱ ጎረምሳ፣ እማሆይ ጨመር ያድርጉ እንጂ፣ ምን ሆነው ሰሰቱ፣ አላቸው። ለኃጢአትህ ይህችም ክዳን ትበቃለች፣ ቅመስና እለፍ አሉት። ሰው ሳቀ።

እኔ አልወረድሁም። ሰው በዛ አልሁ። ዛሬስ አልበላሁም ነበር።

ነገ ዐቢይ ጾም ይገባል።

የካ. 19፣ ረቡዕ

ወረድሁ።

ጫማዬን አወለቅሁ። የደረጃው ድንጋይ ቀዝቃዛ ነው። ነጠላውን ፈትቼ ጂፒኤሱን አበራሁ። ዋርካውና ገደሉ ሳተላይቱን ከለከሉት። ክንዴ እስኪዝል ሽቅብ ይዤ ቆምሁ። እማሆይ መጥረጊያቸውን ተደግፈው ያዩኛል። ሰው እጁን ዘርግቶ እንዲህ ከለመነ ዝናብም ይመጣ ነበር አሉኝ።

ያዘ። ነጥቡን ተጫንሁ። ከዚያ ነው ጠበሉ የሚወርድበትን አሸንዳ ያየሁት።

ደረቅ ነው። እርጥበት እንኳ የለውም። ሥሩ በድንጋዩ ላይ የነበረው አረንጓዴ ሽበት ወደ ገለባነት ተቀይሯል።

እሑድ ሰው የጠጣውስ አልሁ። ቢጫ ጀሪካን አሳዩኝ፣ ከጎጆው ጀርባ። ከጥምቀት ወዲህ ከወንዝ እየቀዱ ነው። በእርጅናቸው፣ ያን ቁልቁለት። ቄሱ ይጸልዩበታል፤ የተባረከ ውኃ ነው፣ ምንጩ ግን አይደለም። ለሰው አልተናገሩም። ተስፋ አድርጎ ለመጣ ሰው ምን ብዬ ልንገረው አሉ።

አንድ ነገር ጠየቅሁ፦ በእናኑ ጊዜስ? ያኔ የራሱ ውኃ ነበር፣ ሞልቶ ይፈስ ነበር አሉኝ። የወንዝ ነው ቢሉኝ ይቀለኝ ነበር። የማመካኝበት ባገኘሁ።

ባንዲራውን ሳልቀይር አስቀመጥሁት። ሳይቀየር የተቀመጠ ነጥብ ሰማያዊ ነው። ዝም ካልሁ ይፈሳል ማለት ነው።

እማሆይ እንዲህ አድርግ አላሉኝም። መጥረጋቸውን ቀጠሉ።

የካ. 21፣ ዓርብ

ነጥቡን እከፍተዋለሁ፣ እዘጋዋለሁ። ሰማያዊ።

ለንስሐ አባቴ ነገርሁ። ሐሰት አትናገር አሉኝ። ዝናብ ሲመጣ ሊመለስ ይችል ይሆናል አሉ። ጸልይ ብለው ተነሡ። እየጸለይሁ ነው። የሚመልስልኝ የለም፤ ወይም እየመለሰልኝ ነው፣ እኔ አልፈልገውም።

ኔትወርክ ለጥቂት ተለቀቀ፤ ስመኝ ደወለች። ሁሉን ነገርኋት። አረንጓዴ ያድርጉት አለችኝ፣ ማን ወርዶ ያየዋል? ለእኔ ብላ ነው። አመሰገንኋት።

ግን እነዚያ የላይኞቹ ምንጮች አሉ። ቀይ ያደረግኋቸው። በጣሳ የሚጨልፉት ሴቶች የእኔን ቀይ አይቶ ጉድጓድ የሚቆፍርላቸው ይጠብቃሉ። አንዱን ከዋሸሁ የቀረውን ማን ያምነኛል? እውነት ከተናገርሁ ደግሞ ዳገቱን በእጄ ሰጠሁት። ቶሎ ወርጄ ቢሆን ገና ሲፈስ እይዘው ነበር። በዚያ ሁሉ ወር ሰማያዊ ነበር። እየዞርሁ አለፍሁት።

የካ. 24፣ ሰኞ፣ ዳንግላ

ሚኒባሱ ውስጥ ቀየርሁት። ቀይ።

ስመኝ አይታ እርግጠኛ ነዎት ወይ አለችኝ። አይደለሁም አልኋት። ግን ደረቅ ነው።

ላከችው። ከደረቅ ነጥቦች ጋር ተደመረ። ካርታው ላይ አሁን አለ፤ ገረጋንቲ ከማውጣት አያግድም። የቁፋሮው ማሽን ከፋሲካ በፊት ይገባል ተብሏል። ዳገቱ እንዳይነካ ማመልከቻ ልጻፍ አለች፤ ሁለታችንም የት እንደሚደርስ እናውቃለን። ይጻፍ አልሁ።

የካ. 26፣ ረቡዕ

ለእማሆይ ልነግራቸው ወረድሁ። ተቆጥተው እንዲሰድቡኝ ፈልጌ ነበር። ከአለቃው ሰምተዋል። ከዐለት ውኃ አንተ አታፈልቅ አሉኝ።

ያኔ ነው ሴትዮዋ የመጣችው። ከአዲስ ቅዳም ነኝ አለች፣ በእግሯ። በጀርባዋ ያዘለችው ልጅ አንገቱን አይዝም። ጠበሉ አለ ብለውኝ ነው የመጣሁ አለች፤ ዓይኗን ከአሸንዳው አልነቀለችም።

እማሆይ ወደ እኔ ዞሩ። «አንተ ንገራት እስቲ፤ እውነት ተናጋሪው አንተ ነህ» አሉኝ፣ ቀስ ብለው።

አፌን ከፈትሁ። የወንዝ ውኃ ነው፣ የተጸለየበት ነው አልኋት። ምንጩ ደርቋል። ሰማችኝ። ልጁን ከጀርባዋ አውርዳ ደረጃው ላይ ተቀመጠች። እጠብቃለሁ አለች።

ጀሪካኑ ባዶ ነበር። እማሆይ ሊያነሡት ጎንበስ ሲሉ ቀደምኋቸው። ቁልቁለቱ ሰው ይጥላል፤ እንዴት ይወጡት እንደነበር አላውቅም። ሞልቼ ተመለስሁ። ቄሱ ጸለዩበት። ልጁ ጠጣ፣ አስመለሰው፣ እንደገና ጠጣ።

ይድናል ብዬ አልጽፍም። አላምንበትም፣ ደብተሬ፤ ዛሬ በምንም አላምንም ማለት ይቀለኛል። ግን ለእማሆይ ነግሬያቸዋለሁ፦ ማሽኑ እስኪመጣ ድረስ ወንዝ የምወርደው እኔ ነኝ።