የቀኝ እጄ ጉልበት

ይድረስ ቡታጅራ ለምትኖሪው ለታላቅ እህቴ ለረውዳ። አሰላሙ ዐለይኩም፤ አንቺም ልጆችሽም እንዴት ከርማችኋል? እኛ ጭሮ አልሐምዱሊላህ ደህና ነን። ዒድ ስለደረሰ የልብስ ስፌቱም ደርቶልኛል።

አንድ ግራ የገባኝ ነገር ላጫውትሽ። ቦርደዴ የባቡር ሐዲዱ ሲሠራ ከቻይናዎቹ ጋር የነበረ ዳባ የሚባል ሰው ጠዋት ጠዋት ሜዳ ላይ ታይ ቺ ያሠራናል። ቀስ ብሎ የሚሠራ ስፖርት ነው። «አታስገድዱት፤ ትከሻችሁን ልቀቁት። ሰውነት ሲላላ የውስጥ ጉልበት ይነሳል» ይለናል። ሌሎቹ መዳፋችንን ሞቀን ይላሉ። እኔ ግን እጄን ባላላሁ ቁጥር ቀኙ ብቻ ይንቀጠቀጣል። ሱቅ ገብቼ መቀስ ስይዝ ደግሞ መንቀጥቀጡ ቀጥ ይላል።

ዳባ መጀመሪያ «ጎሽ ሑዘይፋ! ያንተ ጉልበት ከሁሉም ቀድሞ ተነሳ!» ብሎ አስጨበጨበልኝ። እኔም ደስ አለኝ። ሰኞ ዕለት ግን እጄን ይዞ ብዙ ቆየና «ግራህስ?» አለኝ። «ግራዬ ምንም አይልም» አልኩት። ከዚያ ወዲህ አላሞገሰኝም። ጉልበት ከሆነ ለምን ዝም አለ? ካልሆነስ እጄ ሲያርፍ ለምን ይብስበታል?

አባባን ያስታመምሽው አንቺ ነሽና ልጠይቅሽ፦ ያኔ መንቀጥቀጡ እጃቸውን ሲጀምራቸው ብርጭቆ ሲያነሱ ነበር ወይስ ጭናቸው ላይ አሳርፈውት ሳለ? እንዲያው ነው የጠየቅኩሽ። ለባለቤቴ ለሒክመት ግን ስትደውዪላት እንዳታነሺባት።

ጎረቤቱን ሁሉ በየስሙ ሰላም በይልኝ። አላህ በደህና ያገናኘን።

ወንድምሽ ሑዘይፋ