የእማዬን ሙሾ ለራሷ

ጎረቤላ፣ ማክሰኞ ጥር 19

ዛሬ ለእማዬ ሙሾ አወረድኩላት፣ እዚያው አልጋዋ አጠገብ ቁጭ ብዬ። የደብረ ብርሃን ሐኪሞች «ከእንግዲህ ቤቷ አስታሟት» ካሉን ሦስተኛ ሳምንታችን ነው። የጎረቤላን ሙት ሁሉ በሙሾ የሸኘችው እሷ ናት፤ የራሷን ሳትሰማ አልሄድም አለች።

ጎረቤታችን እትዬ አስካለ ዘው ብለው ገብተው «በቁሟ! ምን ዓይነት ሟርተኛ ነሽ?» ብለው ጮኹብኝ።

«ያዘዘችኝ እሷ ናት፤ ካላስቻለዎት በሩ ያውና» አልኳቸው። በትልቅ ሰው ላይ አፌን ከፍቼ አላውቅም ነበር። ደግ አደረግኩ!

እማዬ ዐይኗን ጨፍና ሰማችኝ። «ደግ ነበረች» ስል ግን አቋረጠችኝ።

«ይሄን ለሁሉም ብያለሁ። ኃይለኛ ነበረች በይ።»

አስተካክዬ ደገምኩት። ሳቀች። «ዜማው ገና አልወጣልሽም። በደንብ እስክትይዢው የትም አልሄድም» አለችኝ።

ነገ ሆን ብዬ እሳሳታለሁ።