ለሕያው ሰው ተዝካር

ይድረስ ለሟቹ ወንድሜ፣

እንደምን ሰነበትክ? የሰማይ ቤት ብርዱ እንዴት ነው፤ ከእንግሊዝ ይብሳል? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። አንተን አልቅሰን፣ ፍትሐትህን አስፈትተን፣ ድንኳኑን ለዕድሩ መልሰን ተቀምጠናል። አባባም ደህና ናቸው። ጉልበታቸውን ያማቸዋል እንጂ ቅዳሴ አላስታጎሉም። ስልክ ስለማታነሳ በወረቀት ጻፍኩልህ። የሚያደርስልህ ራስ ዳሽን ሊወጣ መጥቶ ከእኔ ሱቅ የመኝታ ከረጢት የተከራየ እንግሊዛዊ ነው። የአዲሱን የኳስ ክለብህን ስም ስነግረው ሰምቶት አያውቅም። አልፈረድኩበትም።

እንዴት እንደሞትክ ልንገርህ፤ ለቅሶህ ላይ ስላልነበርክ አታውቅም።

የአጎታችን ልጅ ምስክር ከጎንደር ሲመጣ ፎቶህን በስልኩ ይዞ መጣ። ክለብህ ያወጣው ነው። ጥቁርና ነጭ ሆነሃል፤ አንገትህን ደፋ አድርገህ ወደ ጎን ታያለህ። ከሥሩ ስምህ፣ ከስምህ ሥር ሁለት ዓመተ ምሕረት በሰረዝ ተያይዞ፣ ቀጥሎ ስለ ሁሉም ነገር እናመሰግናለን የሚል። ከዚያ በታች ፈረንጅ ሁሉ የተሰበረ ልብ ደርድሮልሃል። ደባርቅ ውስጥ ከፎቶው ሥር እንዲህ የሚጻፍለት ምን የሆነ ሰው እንደሆነ አንተም ታውቃለህ። የመጀመሪያው ዓመት የተወለደበት አይደለም ብዬ ነበር እኔ። ጎረቤታችን ቄስ ወልደ ሩፋኤል የፈረንጅ አቆጣጠር ከእኛ ይለያል አሉ፤ የተሰበሰበው ሁሉ እውነት ነው አለ። ደወልን። ይጠራል፣ አይነሳም። የወሰደችህ አክስታችን እታለም ከሞተች ወዲህ በዚያ አገር ስለ አንተ የምንጠይቀው ሰው የለንም። በማግስቱ ጎህ ሲቀድ ሽማግሌዎች መጥተው አባባን አረዷቸው።

ለቅሶህ ግን አምሮ ነበር፤ እሱን አልነፍግህም። ከዳባት ቀርቶ ከበየዳ መጥተው አልቅሰውልሃል። አስከሬን ስለሌለ አልጋ አውጥተን የላክልንን ማሊያዎች ዘረጋንበት። ምን ያህል ክለብ ነው የዞርከው አንተ? ቀዩ፣ ቢጫው፣ ያ ቡራቡሬው፣ የእያንዳንዱ ቁጥር ሌላ። በውሰት የተሰጠህበት፣ ከተጠባባቂ ወንበር ሳትነሳ ዓመቱ ያለቀበት፣ ታፋህን ታመህ የተቀመጥክበት ሁሉ ጎን ለጎን ተኛ። ለቀስተኛው ይህን በየት አውቆ፤ ከየአገሩ የተሸለምከው ካባ መሰለው። አልቃሿ ባንቻየሁ ሥራህ ምን እንደነበር ጠየቀችኝ። በግራ መስመር ዳር ዳሩን የሚሮጥ ነው አልኳት። እሷም እንዲህ አለችልህ፦

ሁልጊዜ በዳር ነው፣ መሃል የማይገባው፣
ሞት በየት ዞረና በሩጫ ቀደመው?

ሰዉ ተንጫጫ። ከአንጀት ካለቀሱ እንባ አይገድም፤ እኔም ፊቴን ነጨሁልህ። ጠባሳው አሁንም ጉንጬ ላይ አለ፤ ደንበኛ ሁሉ ምን ነካሽ ይለኛል።

ከለቅሶው በኋላ ለሱቁ ዕቃ ልገዛ ጎንደር ወረድኩ። እዚያ ኔትወርክ ሳገኝ ፎቶህን እንደገና ላየው ብዬ ስምህን ጻፍኩ። ቪዲዮ መጣ፤ ከለቅሶህ በኋላ አንድ ሌላ ክለብ የለጠፈው። ዳር ላይ ሰው ውሻውን ይዞ ቆሞ የሚያይበት የመንደር ሜዳ ነው። ተቀይረህ ስትገባ መሬቱን በእጅህ ነክተህ አማተብክ፤ አባባ እንዳስተማሩህ። በግራ በኩል ሮጥክ፣ አንዱን አለፍከው፣ ኳሷን ከግቡ ጀርባ ሰደድካት። እኔ ሰው ሱቅ ውስጥ እልል አልኩ። ባለ ሱቁ ሳያውቅ ዋጋ የቀነሰልኝ መስሎት ደነገጠ።

እዚያው ቆሜ አለህ ወይ ብዬ ጻፍኩልህ። ምልክቱ ሰማያዊ ሆነ፤ አይተኸዋል። የለቅሶህን ፎቶም ላክሁልህ፤ ማሊያዎቹን፣ አባባን ነጠላቸውን አዘቅዝቀው። እሱንም አይተኸዋል። ከዚያ ዝም። ደስታዬ እዚያው ሬት ሆነ።

ያ ፎቶ ለካ የስንብት ነው፤ ሁለቱ ዓመታትም ክለቡ የገባህበትና የወጣህበት። ክለቡ አሰናበተህ። እና ምን ይሁን? ከዚያ ያነሰ ክለብ ገባህ። እና? ደባርቅ ውስጥ አንተን የሚያሳይ ቴሌቪዥን ኖሮ ያውቃል? ላንተ አራተኛና ስድስተኛ ዲቪዚዮን የሆነው ለእኛ ሁሉም እንግሊዝ ነው። ማንን አፍረህ ነው? ወይስ ተለቅሶልህ ስታየው ሞቱ ተመቸህ? ሟች አይጠየቅም፣ ለምን አልመጣህም አይባልም። ፈሪ ነህ። በሜዳ ዳር ዳሩን መሮጥ ሥራህ ነው፤ በአባትህም ዳር ዳር ትሮጣለህ?

ለአባባ አልነገርኳቸውም። ልጅዎ አለ፣ እያየ ግን አይመልስም ልበላቸው? ሞትህን በጸጋ ተቀብለውታል። ንቀትህን አይችሉትም።

ነገር ግን ተዝካርህ ደረሰ። ጾሙ ስላልፈቀደ ለዳግም ትንሣኤ ማግስት ተቀጥሯል። ለሕያው ሰው ተዝካር ማውጣት ምን ማለት እንደሆነ የቄስ ልጅ ነህ፣ አይነገርህም። እኒያ ሽማግሌ ሳያውቁ መሠዊያው ፊት ቆመው በቁምህ ሊያሳርፉህ ነው። ይህን ኃጢአት በአንተ ምክንያት ሳይሠሩ ድምፅህን አሰማቸው። ከዚያ በኋላ ከፈለግህ ለእኔ ሙት።

ይህን ጽፌ ሳልዘጋው ትናንት ሰንበት ሆነ። አባባ ነበሩ ቀዳሹ። የሙታኑ ጸሎት ሲደርስ ወልደ ገብርኤል እስኪሉ ጠበቅሁ። የክርስትና ስምህን ከፍትሐትህ ወዲህ አገሩ ሁሉ ያውቀዋል። አላሉም፤ የእናታችንን ጠርተው አለፉ። ስለ ነጋድያን፣ መንገድ ስለ ወጡት ሲጸልዩ ግን ወልደ ገብርኤል አሉ። በድምፅ ማጉያ ነው፤ ደብሩ ሁሉ ሰማ። ባንቻየሁ ዞራ አየችኝ። እኔ መሬት መሬት አየሁ።

ቤት ሲገቡ ጥምጥማቸውን ፈተው ስለ ብቅሉ ጠየቁኝ። በቅሏል አልኳቸው። ጠላውን ለስለስ አድርጊው አሉኝ፤ ከሩቅ አገር የሚመጣ ሰው ብርቱ ጠላ አይችልም አሉ።

እግርህን ከስብራት፣ ልብህን ከድንጋይነት ይጠብቅልህ። እኔ ገና ይቅር አላልኩህም።

ፊቷን የነጨችልህ እህትህ
ከደባርቅ