የኮራል ቤት

ቦናመስ፣ ጀርመን፣ ማክሰኞ ኅዳር 9 ቀን 2018

የልጄ ልጅ ሳምያ ለትምህርት ቤቷ ስለ ምጽዋ ፕላካት፣ ግድግዳ ላይ የሚለጠፍ ትልቅ የሥዕል ወረቀት፣ ልትሠራ ከሰዓት መጣች። ደስ ብሎኝ ነበር። ስለዚያ ባሕር ሰው ከጠየቀኝ ስንት ዘመኔ! እኔ በአማርኛ እነግራታለሁ፤ እሷ በጀርመንኛ ትመልስልኛለች።

ደሴቶቹንና ጨው ውኃ ውስጥ ቆመው የሚያድጉትን ዛፎች ነገርኳት፤ ሣለች። የተወለድኩበት ቤት ከባሕር በተቆረጠ የኮራል ድንጋይ የተሠራ ነው አልኳት፤ እሱንም ሣለች። ሐምሌ ላይ ሙቀቱ ቤት ስለማያስተኛ ሰፈሩ ሁሉ አልጋውን ደጅ አውጥቶ፣ ከአልጋ አልጋ ሲጫወት እንደሚያመሽ ነገርኳት። አልጋዎቹን ከቤቱ ፊት ደረደረቻቸው።

ከዚያ ስልኳ ላይ ስለ ኮራል አነበበችና ደነገጠች። "ኦፓ፣ ዳስ ኢስት ፈርቦትን!" አያቴ፣ ይሄ ክልክል ነው ትላለች፤ ኮራል መስበር አይፈቀድም፣ አስተማሪዋ ትቆጣታለች። ያኔ ማን ከልክሎን ብላት አልሰማችኝም። ላጲስ አንስታ ቤቱን አጠፋችው። አልጋዎቹን ተወቻቸው።

ወረቀቱን ትንሽ አየችና ቀና አለች። "ኦፓ፣ ቫርት ኢር ኦብዳኽሎስ?" ቤት አልባ ነበራችሁ ወይ ማለቷ ነው፤ ባቡር ጣቢያው ደጃፍ ላይ እንደሚያድሩት ሰዎች።

ቤትማ ነበረን ልላት አፌን ከፈትኩ። ቤቱ ግን ምጽዋ ላይ በተደረገው ጦርነት ፈርሷል። እነዚያ አልጋዎች ላይ ተኝተው ይጫወቱ ከነበሩትም ከእኔ በቀር በሕይወት ያለ አላውቅም። ምኑን ላርማት?

እሷም ዝምታዬን እንደ አዎንታ ቆጥራ ከአልጋዎቹ ሥር "ኦብዳኽሎስ" ብላ ጻፈች።