ቱቦው ወደ ሳሎን የዞረው ማድረቂያ

ኬንሲንግተን፣ ሐምሌ 12 ቀን 2008 ዓ.ም.

ለማከብርዎት አክስቴ ለእትዬ ለተሚካኤል፣

የደሴ ክረምት እንዴት ይዞዎታል? ጉልበትዎስ ተሻለዎት? በእኛ አገር ሐምሌ ዋናው የብርድ ወር ነው። እኛ ደህና ነን፤ የተናደድኩት እኔ ብቻ ነኝ።

ይድነቃቸው ያገለገለ የልብስ ማድረቂያ ገዝቶ መጣ። እንፋሎቱ በቱቦ ወደ ውጭ መውጣት ነበረበት። የቤቱ ኤጀንት ግድግዳ እንዳንበሳ ስለከለከለን ባሌ ቱቦውን ወደ ሳሎን አዞረው። "ቤቱንም ያሞቅልናል" አለኝ። እርስዎም በስልክ "ልጅቷን ንፋስ እንዳይመታት መስኮት ዝጉ" ስላሉን፣ ከግንቦት ጀምሮ አንድም መስኮት አልከፈትንም።

አሁን ግድግዳው ያልበዋል። የላኩልኝ ጋቢ ቁም ሳጥን ውስጥ እንዳለ ሻገተ። ከሩታ አልጋ ጀርባ ያለውን ጥቁር ሻጋታ ቅዳሜ ቅዳሜ እፍቀዋለሁ፤ በሳምንቱ ተመልሶ ይመጣል። ለይድነቃቸው ስነግረው "ቀለም እንቀባዋለን" ይላል። ቀለም ምን ሊያደርግለት ነው?

ሩታ ሰባት ዓመት ሞላት። ከትምህርት ቤት ስንመለስ ደረጃው ላይ ቁና ቁና እየተነፈሰች ሁለቴ ትቀመጣለች። "ጫማዬን ላስር ነው" ትለኛለች። ጫማዋ ግን ክር የለውም።

ትናንት ማድረቂያውን ከሶኬት ነቅዬ መስኮቶቹን በሙሉ ከፈትኳቸው። ይድነቃቸው ካፖርቱን ለብሶ ሳሎን ተቀምጦ አኮረፈኝ። ያኩርፍ። እርስዎ ግን ቃሌን አፈረሰች ብለው አይቀየሙኝ።

ያንን የሚያምዎትን ጉልበት ስሜ እሰናበትዎታለሁ። እሁድ ስንደውል እንደ ወትሮው ሩታን "መዝሙር ዘምሪልኝ" አይበሏት። ታናግርዎት ብቻ፤ እሱንም አጭር አጭሩን።

ልጅዎ እታገኘሁ