ጉና ሥር መኪናዋን ያስቆምኩበት ቀን

አያሌው ሆዴ፣

ከተለየኸን ዘጠኝ ወር ሞላ። ተስቦው በሰኔ ወሰደህ፤ ይኸው መጋቢት ገባ። አባቴ ቤተ ልሔም ደብር ሳለን ፊደል ባያስቆጥረኝ ኖሮ ይህን ሁሉ ለጸሐፊ ነግሬ ማጻፍ ነበረብኝ፤ አፍሬም ግማሹን በተውኩት።

ቤቱ እንዳለ ነው። ማሳውን ወንድምህ የእኩል እያረሰልኝ ነው። ያቺ ክትባት ታዞርባት የነበረችው ጂፕህ ግን ታፈረ ለሚባል ሾፌር ተሰጠች። ከጎንደር የመጣ ነው፤ ደግ ሰው ነው፣ ግን ችኩል።

ባለፈው ወር ልጃችን የሺ ታመመች። ጉሮሮዋ አብጦ ትንፋሽ አጠራት። የንፋስ መውጫ ከተማ ጤና ጣቢያ ድሬሰር አይቷት «ዛሬውኑ ደብረ ታቦር ሆስፒታል ካልደረሰች ተስፋ የላትም» አለኝ። ታፈረ የመኪናዋን የኋላ ካርዳን ፈትቶ ጠግኖ ገና በዋዜማው መግጠሙ ነበር። ሳያቅማማ ጫነን።

ከከተማው እንደወጣን መቀመጫው ከሥሬ ይንዘፈዘፍ ጀመር። ስንፈጥን ይብሳል፣ ስናዘግም ይተዋል። መንዳት እንደማልችል ታውቃለህ። ነገር ግን ስንት ቅዳሜ በክሪክ አንስተሃት ከሥሯ ተኝተህ፣ ጠመኔ አቀብይኝ፣ ጎማውን ቀስ ብለሽ አዙሪ ስትለኝ ኖረሃል! ካርዳን ማለት ከማርሹ ወደ ኋላ ጎማ ኃይል የሚወስደው ረጅም ብረት ነው፣ ከመፍታትሽ በፊት በጠመኔ ምልክት አድርጊበት፣ በሁለት ጫፉ ያሉት ሹካዎች ወደ አንድ ወገን ካላዩ መኪናዋ ትንቀጠቀጣለች፣ ብሎኑ ይላላል፣ መጨረሻው መውደቅ ነው ትለኝ ነበር። እኔም፣ ይቅር በለኝ፣ ሥራ አስፈታኸኝ እያልኩ እነጫነጭብህ ነበር።

ጉና ተራራ ሥር ቁልቁለቱ ፊት ለፊት ሲመጣ አላስቻለኝም።

«አቁም!» አልኩት።

«እህቴ፣ ልጅቷ እየታነቀች አቁም ትይኛለሽ?»

«ካርዳኑን ምልክት አድርገህበት ነው የፈታኸው?»

ትንሽ ሄደና ዳር ይዞ ቆመ።

ሆዴ፣ እዚያ የሆንኩትን እስካሁን ለማንም አልተናገርኩም። ልጅህ ክንዴ ላይ ታጣጥራለች፤ መኪናዋን ያስቆምኩት ደግሞ እኔ ነኝ። ብሳሳትስ? የፈራ ልቤ ያመጣው ቢሆንስ? በገዛ አፌ ልገድላት ነው እያልኩ ቆምኩ። ታፈረ ከሥር ገብቶ ብረቱን ይነካካ ጀመር።

«አንዱ ሹካ ወዲህ፣ አንዱ ወዲያ ነው» አለ በመጨረሻ። «ሁለት ብሎን ወድቋል። ሦስተኛው በጣት ይዞራል።»

እሱ ብረቱን ፈትቶ፣ መሃሉ ላይ ካለው መጋጠሚያ ሳብ አድርጎ አዞረና ሹካዎቹን አስተያይቶ፣ ከመፍቻ ሣጥኑ ባገኘው ብሎን አሰረው። እስኪጨርስ የየሺን ፊት ወደ ነፋሱ አዙሬ አቡነ ዘበሰማያት ደገምኩ፤ ስንት ጊዜ እንደሆነ አላውቅም። አንድ ጊዜ ትንፋሿ ቀጥ ሲል ጮኼ ጀርባዋን መታሁት፤ ተመለሰላት። ከዚያ ቁልቁለቱን ስንወርድ መኪናዋ ኮሽ አላለችም።

ሐኪሙ ጉሮሮዋን በጥቶ መግሉን አወጣላት። በአራተኛው ቀን ገንፎ ጠየቀችኝ።

ስንመለስ ታፈረ «ማን አስተማረሽ?» አለኝ።

«ባሌ» አልኩት። ከቀበርንህ ወዲህ ይህን ቃል ጮክ ብዬ ስናገር የመጀመሪያዬ ነበር። እንባዬን እንዳያይ ፊቴን ወደ መስኮቱ አዞርኩ።

አሁን የሺ ጎረቤት ካሉት ልጆች ጋር ስትሯሯጥ ድምጿ እዚህ ድረስ ይሰማኛል። አባቷን በደንብ የምታስታውስበት ዕድሜ ላይ ሳትደርስ ሄድክባት። ስለዚህ እኔ አስታውስላታለሁ። ስታድግ አባትሽ በተስቦ ሞተ ብቻ ብዬ አልተዋትም፤ ከሞተ በኋላ ምን እንዳደረገላት ቁጭ አድርጌ እነግራታለሁ።

ሚስትህ